ባዶው ቦታ የማን ነው?
ጎርፍን ለመከላከልና ለመዝናኛ ስለሚሠራ አነስተኛ የአፈር ግድብ የቀረበ ትችት

ትችት ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የድርሰት፣ የሥዕል ወይም የቲያትር ነገር ነው። ይሁን እንጂ በሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ የተሠራበት ዓላማ አለው፤ ዓላማ ያለውም ነገር በዓላማው ሊመዘን ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመዝን የተነሣነው መጽሐፍን ሳይሆን ግድብን ነው። ግድቡም ስሙ በዓለም የገነነው፣ ከሲሚንቶና ከብረት የቆመው ታላቁ ዓይነት አይደለም። ከአንድ ሸለቆ ውጭ ማንም የማያውቀው፣ አፈር ተደልድሎ የሚሠራው፣ በክረምት ጎርፍ እንዲይዝ በበጋ ደግሞ ሰው በጀልባ እንዲንሸራሸርበትና ዓሣ እንዲያጠምድበት የታሰበው ትንሹ ግድብ ነው። ይህ ዓይነት ሥራ በብዛት የሚገኘው በአሜሪካ ስለ ሆነ ምሳሌዎቻችንን የምናመጣው ከዚያው አገር ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። ጎርፍ መከላከያ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ መዝናኛ ሙሉ ሐይቅ ይፈልጋል። አንድ ግድብ ለሁለቱ ጌቶች እንዴት ይገዛል? ብዙዎች መልሱ «አይገዛም» ነው ይላሉ። እኛ ግን ነገሩ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከሦስት ግድቦች ታሪክ ጋር ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ሀ. የግድቡ አሠራር

አስቀድመን አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል፤ አሠራሩን ሳያውቁ የሚሰጥ ፍርድ ከወሬ አይሻልምና።

የአፈር ግድብ የሚሠራው ሁለት ኮረብታዎች ተጠጋግተው ሸለቆው በሚጠብበት ቦታ ነው። በመካከሉ ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ይደረጋል፤ በግራና በቀኙ ሌላ አፈር በስስ በስሱ እየተነጠፈና በከባድ መዳመጫ እየተጠቀጠቀ ይቆለላል። ሁለቱ ጎኖቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሳይሆኑ ተዳፋት ናቸው። በላዩ ሣር ይዘራበታል፤ ሥሩ አፈሩን ሰንጥቆ ለውኃ መንገድ እንዳይከፍት ዛፍ ግን እንዲበቅልበት አይፈቀድም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሣሩ ሲለብሰው ግድቡ የተፈጥሮ ኮረብታ ይመስላል። ይህ መልክ የግድቡ ውበት ነው፤ ቆይተን እንደምናየውም ከጉዳቶቹ አንዱ ነው።

ውኃው የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በሐይቁ ውስጥ የቆመ የኮንክሪት ማማ ነው። ውኃው የማማው አፍ ዘንድ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገባና በግድቡ ሥር በተቀበረው ቧንቧ አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሁለተኛው ከግድቡ ጎን በነባሩ መሬት ላይ የተቆረጠ ሰፊ ቦይ ነው፤ ይህም የድንገተኛ ጎርፍ ማስተንፈሻ ይባላል። ቧንቧው ችሎ የማያወጣው ታላቅ ጎርፍ ሲመጣ ውኃው በግድቡ አናት ላይ ከመፍሰሱ በፊት በዚህ በኩል ዞሮ እንዲያልፍ የተደረገ ነው። ውኃ በአፈር ግድብ አናት ላይ ከፈሰሰ አፈሩን እየጠረገ ይወስደዋልና።

እንግዲህ ከግድቡ በስተጀርባ ያለውን ቦታ ሦስት ፎቅ እንዳለው ቤት አድርገን ልናስበው እንችላለን። ምድር ቤቱ ከማማው አፍ በታች ያለው ነው፤ ዘወትር ውኃ ይተኛበታል፤ ከላይ ታጥቦ የሚመጣው ደለልም የሚከማችበት እርሱ ነው። ጀልባና ዓሣ አጥማጅ የሚታዩት በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ከማማው አፍ አንሥቶ እስከ ማስተንፈሻው ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ቀጠሮ ሳይሰጥ ለሚመጣ እንግዳ የተተወ ክፍል ነው። እንግዳውም ጎርፍ ነው። ሦስተኛው ከማስተንፈሻው በላይ እስከ ግድቡ አናት ያለው ጠባብ ቦታ ሲሆን ለከፋው ቀን የተጠበቀ ነው።

ይህ አከፋፈል ብልህነት ያለበት ነው። ጎርፍና መዝናኛ በአንድ ቦታ ላይ የሚጣሉ ቢመስሉም አንዱን ከታች ሌላውን ከላይ በማድረግ ያስታርቃቸዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጠቡ አልቋል። ነገር ግን ይህን ስምምነት ዕለት በዕለት የሚጠብቀው ማን ነው? የትችታችን መነሻ ይህ ነው።

ለ. ሳውዝ ፎርክ፣ 1889

በፔንሲልቬኒያ ከጆንስታውን ከተማ 14 ማይል ያህል ርቆ ከከተማው በላይ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ መጀመሪያ ለመዝናኛም ለጎርፍም የተሠራ አልነበረም። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ከ1838 እስከ 1853 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የሠራው በበጋ ለጀልባ ቦይ ውኃ እንዲያቀርብ ነበር። ወዲያው ግን የምድር ባቡር መጣና ቦዩ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1879 ዓ.ም. የዓሣና የአደን ክበብ ለማቋቋም በተነሡ ሰዎች እጅ ገባ። አንድሪው ካርኔጊንና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክን የመሰሉ የፒትስበርግ ባለጸጎች የዚህ ክበብ አባሎች ነበሩ።

ግድቡ 72 ጫማ ያህል ከፍታ ነበረው። መጀመሪያ ሲሠራ በሥሩ አምስት የብረት ቧንቧዎች ተቀብረው ነበር፤ ከክበቡ በፊት የነበረው ባለቤት ግን ነቅሎ አወጣቸው። ክበቡ ግድቡን ሲያድስ ቧንቧዎቹን አልተካም። ስለዚህም ሐይቁን በፈለጉ ጊዜ ዝቅ የሚያደርጉበት መንገድ አልነበረም። ከዚህ በቀር በግድቡ አናት ላይ ሠረገላ ማለፍ እንዲችል አናቱ ጥቂት ጫማ ዝቅ ተደረገ። ለክበቡ ተብለው በሐይቁ ውስጥ የተጨመሩት ዓሦች እንዳያመልጡም በማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት ተተከለ።

እነዚህን አንድ በአንድ እንመልከታቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ዓሣ እንዳይጠፋ ወንፊት መትከል ምን ክፋት አለው? ሠረገላ ሲያልፍ እንዳይጨናነቅ መንገድ ማስፋት ምን ነውር ነው? ነገር ግን ሦስቱም የነኩት የውኃውን መውጫ ነው። የቧንቧው አለመኖር የታችኛውን በር ዘጋ፤ ወንፊቱ የጎኑን በር አጠበበ፤ የአናቱ ዝቅ ማለት የመጨረሻውን ጥበቃ ቀነሰ። በ1880 ዓ.ም. በጆንስታውን የነበረው የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ጆን ፉልተን የተባለውን ሰው ልኮ ግድቡን አስመርምሮ ነበር። ፉልተንም የመውጫ ቧንቧ አለመኖሩንና ግድቡ ውኃ ማዠቱን ገልጾ ጻፈ። ከክበቡ የተሰጠው መልስ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም የሚል ነበር።

ሜይ 31 ቀን 1889 ዓ.ም. ታላቅ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሐይቁ ሞላ። ሰዎች አናቱን በአካፋ ከፍ ለማድረግ፣ ሌላም ቦይ ለመቆፈር ሲታገሉ ዋሉ። ወንፊቱን ለማንሣት ሲታሰብ ጎርፍ ባመጣው ግንድና ቅጠል ተደፍኖ ነበር። በክበቡ የሚሠራ ጆን ፓርክ የተባለ፣ ዕድሜው እንደ እኛ በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ መሐንዲስ በፈረስ ጋልቦ ወደ ታች ማስጠንቀቂያ አደረሰ፤ በቴሌግራፍም መልእክት ተላለፈ። ይሁን እንጂ የጆንስታውን ሰዎች ግድቡ ይፈርሳል የሚል ወሬ በየዓመቱ ሲሰሙ ስለ ኖሩ ብዙዎቹ ልብ አላሉትም። ከሰዓት በኋላ ከሦስት ሰዓት አለፍ ሲል (በአውሮፓውያን የሰዓት አቈጣጠር) ግድቡ ፈረሰ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ውኃው ከተማውን መታው። የሞተው ሰው ከ2,200 በላይ ነው።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መርማሪዎች ሾሞ ነበር። ዘገባቸው በ1891 ዓ.ም. ሲወጣ የደረሱበት ፍርድ ግድቡ እንደ መጀመሪያው አሠራሩ ቢቆይም ኖሮ ውኃ በአናቱ ላይ መፍሰሱ አይቀርም ነበር የሚል ሆነ። ይህ ፍርድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀስ ኖረ። በ2016 ዓ.ም. የታተመ የውኃ ፍሰት ጥናት ግን የአናቱ ዝቅ መደረግ ግድቡ ጎርፍን የማሳለፍ ችሎታውን እጅግ እንደ ቀነሰውና የመጀመሪያው አሠራር ያን ቀን ሊቋቋመው ይችል እንደ ነበረ አሳይቷል። እኛም ይህን የኋለኛውን ማስረጃ የበለጠ እንቀበላለን። «ዝናቡ ከልክ በላይ ነበር» የሚለው ንግግር የሰውን እጅ ሥራ በሰማይ ላይ ለማላከክ የሚመች መሆኑን ደግሞ ተማሪ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ክስ ቢቀርብም ከክበቡ ካሳ ያገኘ የለም።

ሐ. ቶኮዋ፣ 1977

ሁለተኛው ምሳሌያችን የኬሊ ባርንስ ግድብ ነው። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በቶኮዋ ፏፏቴ በላይ የነበረ ሲሆን ከፏፏቴው ሥር አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አለ። ግድቡ መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨቱ ከቆመ በኋላ ግን ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ብዙ ዝናብ ከጣለ በኋላ በሌሊት ፈረሰ። ውኃው በፏፏቴው ላይ ወርዶ ተማሪዎችና ቤተ ሰቦች በተኙበት መንደር ላይ አረፈ። 39 ሰዎች ሞቱ።

የመረመሩት ሊቃውንት የአደጋውን ምክንያት ወደ አንድ ነገር ብቻ ሊያመጡት አልቻሉም። በግድቡ ተዳፋት ላይ ዛፎች በቅለው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊትም የተዳፋቱ ክፍል ተንሸራትቶ ነበር። ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን የሚታይ ነበር። ነገር ግን ሰው ወደ ሐይቅ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው ውኃው ላይ ነው። ከግድቡ በስተኋላ ወርዶ ግርጌው እርጥብ መሆኑን የሚያይ፣ የጠራ ወይስ የደፈረሰ ውኃ ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚያዠው ውኃ ከደፈረሰ ከግድቡ ሆድ ውስጥ አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ይህም ክፉ ምልክት ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» የሚለው ያገራችን ተረት ለዚህ ጉዳይ በትክክል የተነገረ ይመስላል።

ከዚህ አደጋ በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሊያደርሱ የሚችሉ የግልና የክፍለ ግዛት ግድቦች እንዲመረመሩ አዘዙ። ወደ 9,000 የሚጠጉ ግድቦች ተመረመሩ፤ ሲሶ ያህሉም የሚያሰጉ ሆነው ተገኙ። ከጉድለቶቹ ዋነኛው የማስተንፈሻው መጠን ማነሱ ነበር። እዚህ ላይ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ምርመራው ከ39 ሰዎች ሞት በፊት ሊደረግ ይችል ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት በየአገሩ የሚታወቅ ቢሆንም በየአገሩ የሚዘነጋ ነው።

መ. ኒድውድ፣ 2006

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ የሚለየው ገና ሲታሰብ ጀምሮ ለሁለቱ ዓላማ የተሠራ በመሆኑ ነው። ዘመኑም ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1954 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በትንንሽ ወንዞች ላይ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ለሚሠሩ የአካባቢ ድርጅቶች ርዳታ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ርዳታው ለሕዝብ መዝናኛ ጭምር እንዲሆን አደረገ። በዚህና በመሰል ዕቅዶች ወደ 12,000 የሚጠጉ ግድቦች ተሠርተዋል፤ አብዛኛዎቹም ለ50 ዓመት ያህል አገልግሎት የታሰቡ ነበሩ።

የኒድውድ ሐይቅ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሮክቪል ከተማ አጠገብ ይገኛል። በ1965 ዓ.ም. ሮክ ክሪክ የተባለው ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ሲሆን ስፋቱ 75 ኤከር ወይም 30 ሄክታር ያህል ነው። ወንዙ ከዚያ ወርዶ የዋሽንግተንን ከተማ ያቋርጥና ከፖቶማክ ወንዝ ይቀላቀላል። በሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዘፋል፤ ዓሣ ይጠመዳል፤ በዙሪያው የእግር መንገድ አለ። መዋኘት ግን የተከለከለ ነው።

በ2006 ዓ.ም. በጁን ወር መጨረሻ ብርቱ ዝናብ በተከታታይ ጣለ። ሐይቁ ከዘወትር ልኩ ከ20 ጫማ በላይ ከፍ አለ። ይህ ማለት ለእንግዳው የተተወው ክፍል ሞላ ማለት ነው፤ ግድቡ የተሠራበትን ሥራ ሠራ። ነገር ግን ውኃ በግድቡ በኩል ሲያዥ ታየ። ባለ ሥልጣኖቹም ሳይዘገዩ ከግድቡ በታች የሚኖሩ 2,200 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። ግድቡ አልፈረሰም፤ ሰዎቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አንባቢ ሁለቱን ቍጥሮች ያነጻጽር። በጆንስታውን ከ2,200 በላይ ሰው ሞተ፤ በኒድውድ 2,200 ያህል ሰው ሌሊቱን ከቤቱ ውጭ አደረ። የቍጥሩ መቀራረብ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የውጤቱ ልዩነት ግን የአጋጣሚ አይደለም። በሳውዝ ፎርክ የውኃው መውጫ በሚዝናኑት ሰዎች እጅ ነበር፤ በኒድውድ ግን የማማው አፍ ከፍታ በኮንክሪት የተወሰነ ስለ ሆነ «ዘንድሮ ሐይቁ ሞላ ይበልልን» ብሎ የሚያዝዝበት ጀልባ ቀዛፊ የለም። በሳውዝ ፎርክ ግድቡ የግል ነበር፤ በኒድውድ የሕዝብ መናፈሻ አስተዳደር ነው። በሳውዝ ፎርክ ያዠውን ውኃ ያየው ሰው ጽፎ ተናገረ፤ ሰሚ አጣ። በኒድውድ ያየውን የሚሰማ፣ የሰማውን የሚያዝዝ ነበር።

ሠ. ሊቀርቡ ስለሚችሉ መቃወሚያዎች

በዚህ ትችት ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል።

የመጀመሪያው «መዝናኛ የግድብ ጠላት ነው፤ ፈጽሞ ይቅር» የሚል ነው። በዚህ አንስማማም። ሰው የሚመላለስበት ግድብ ዓይን የበዛበት ግድብ ነው። በጥሻ ውስጥ ተረስቶ ከሚቀር ይልቅ፣ ሰው የሚወደውና ስለ እርሱ በጀት የሚጠየቅለት ግድብ የመጠገን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስሕተቱ ያለው ደስታው የመውጫውን ቍልፍ ሲጨብጥ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በመዝናኛና በጎርፍ መካከል ሳይሆን በሥልጣንና በአደራ መካከል ነው ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ኒድውድ እንዳሳያችሁት ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ተፈትቷል» የሚል ይሆናል። በዚህም አንስማማም፤ ምክንያታችን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ምድር ቤቱ በደለል ይሞላል። ከላይ ቤትና መንገድ በተሠራ ቍጥር የሚታጠበው አፈር ይበዛል። በየጊዜው ተቈፍሮ ካልወጣ ሐይቁ እያደር ረግረግ ይሆናል። ከአፈሩ ጋር ደግሞ ከየግቢው የሚታጠበው ማዳበሪያ ይመጣል፤ በኒድውድ ሐይቅም በአንዳንድ በጋ መርዛም አረንጓዴ ዝቃጭ እየታየ ሰውና ውሻ ከውኃው እንዲርቁ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ቆይቷል። ሐይቅ ከላዩ ያለው አገር ሁሉ የሚጠራቀምበት ገበታ ነው።

ሁለተኛ፣ ግድብ ሲሠራ ከታች የነበረው እርሻ ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ከታገደ በኋላ ግን ሰው መሬቱን የተጠበቀ ነው ብሎ ቤት ይሠራበታል። ጊልበርት ዋይት የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ በ1945 ዓ.ም. በታተመው የምርምር ጽሑፉ አገር በጎርፍ መከላከያ ግንባታ ላይ ብቻ እምነቱን ከጣለ ጉዳቱ እንደማይቀንስ አስረድቶ ነበር። ግድቡ ትንሹን ጎርፍ ሲያስቀር ለትልቁ ጎርፍ የሚጋለጠውን ሰው ያበዛዋል። ስለዚህ ግድቡ አንዲት ጋት ሳይለወጥ አደገኛነቱ ሊጨምር ይችላል። በዕቅዱ ዘመን «ቢፈርስ የሚጎዳው ማሳ ነው» የተባለለት ግድብ ዛሬ ከሥሩ ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ባዶው ቦታ ጠበቃ የለውም። ሐይቁን የሚወዱ ሰዎች ስም አላቸው፤ ይሰበሰባሉ፤ አቤቱታ ይጽፋሉ። ከታች የሚኖሩት ግን ብዙዎቹ ከላያቸው ግድብ መኖሩን እንኳ አያውቁም። ለ40 ዓመት አንዴም ያልሞላ ባዶ ቦታ ለተመልካች የባከነ መሬት ይመስላል። የሚጠቅምበት ቀን ሲመጣ ግን ጥቅሙ ባዶ መሆኑ ነው።

ረ. ስለ ስምና ስለ ቋንቋ

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር መጥቀስ እንወዳለን። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለው ቦታ «ሐይቅ» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙ ውኃውን ያሳያል፣ ግንቡን ይሸሽጋል። በእኛ ቋንቋ ግን «የገፈርሳ ግድብ»፣ «የለገዳዲ ግድብ» ስንል ግድግዳውንም ከጀርባው ያለውንም ውኃ በአንድ ቃል እንጠራለን። ይህ አጠራር ውኃው በሰው ሥራ የቆመ መሆኑን እንዳንረሳ ያደርገናል። ሣር የለበሰ ኮረብታና «ሐይቅ» የሚል ሰሌዳ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የመርሳት መንገድ ይጠርጋሉ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ሮክ ክሪክ የሚወርድበት አገር፣ ዋሽንግተንና በሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በውጭ አገር ከሚኖረው የአገራችን ሰው ብዙው የሚገኝበት ነው። በሌሊት በር ተንኳኩቶ «ውጡ» ሲባል ቃሉን የሚሰማ ሁሉ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ልጆቹ በሌሊት ሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የጆንስታውን ሰዎች ቋንቋው ሳይቸግራቸው ማስጠንቀቂያውን ካልተቀበሉ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ምን ያህል ይጋለጥ ይሆን? ስለዚህ ማስጠንቀቂያ እንደ ቧንቧውና እንደ ማስተንፈሻው የግድቡ አንድ አካል ነው ብለን እናምናለን። ከታች ያለው ሰው በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ያልተነገረው ግድብ አንድ ክፍሉ ያልተሠራ ግድብ ነው።

ሰ. ፍርዳችን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ አነስተኛው የአፈር ግድብ የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። እንደ ሥራ ሲታይ መልካም ነው። ከአካባቢው አፈር ይሠራል፤ ወጪው መካከለኛ ነው፤ ሁለቱን ዓላማ በከፍታ ከፋፍሎ ማስታረቁ ምስጋና ይገባዋል። ጉድለቱ ያለው በሚመሰገንበት መንገድ ነው። ሲመረቅ የሚነገረው ስለ ሐይቁ ውበት ነው፤ በዓመት በዓመቱ የሚቈጠረው የጎብኚው ብዛት ነው፤ በሥዕል የሚታተመው ጀልባው ነው። ባዶው ቦታ አይቈጠርም፣ አይታተምም፣ አይመሰገንም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ግድብ የሚመረምር ሰው ስለ ውበቱ ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንመክራለን። የውኃው መውጫ በማን እጅ ነው? የባዶው ቦታ ልክ የተለካውና የግድቡ ግርጌ የታየው መቼ ነው? ከታች የሚኖሩትስ ሰዎች ያውቃሉ ወይ? ለሦስቱ መልስ ያለው ግድብ፣ ሐይቁ ትንሽና መልኩ ተራ ቢሆንም፣ በጎ ሥራ ነው። መልስ የሌለው ግድብ ግን፣ በጨረቃ ብርሃን ጀልባ የሚንሳፈፍበት ቢሆን እንኳ፣ ሥራው እንደ ተጠናቀቀ ሊቈጠር አይገባውም።

መሐንዲስነት የሚማሩ ጓደኞቻችን የግድቡን ስሌት ከእኛ ይልቅ እንደሚያውቁ አንጠራጠርም። የእኛ ጥያቄ ግን ለእነርሱ ብቻ የሚተው አይመስለንም፤ የሕግ፣ የጂኦግራፊና የቋንቋ ተማሪም ድርሻ አለበት። በዚህ አስተያየት የማይስማማ፣ ወይም መዝናኛው ቍልፉን ጨብጦ ሳለ በደኅና የቆየ ግድብ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ መልሱን በሚቀጥለው እትም ቢያቀርብልን በደስታ እናነበዋለን።